ካዛንቺስ የሞከርኩት ጥቁር ጊታር

ባለፈው ሳምንት አንዳችሁ በውስጥ መስመር ጠየቃችሁኝ።

«ለከባድ ሮክ የሚሆን ጊታር ልገዛ ነው። ምን ዓይነት ልምረጥ?»

መልሱ አጭር ነው። ጻፍኩት... መልሼ አጠፋሁት።

ምክንያቱም እኔ ራሴ እንደዛ ዓይነት ጊታር ልመርጥ የሄድኩበት ቀን የሆነውን ሳልናገር መልሱን ብቻ ብሰጥ ሰው የደበቅኩ ያህል ይከብደኛል።

ስለዚህ ልንገራችሁ። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ፊልም ላይ ያየሁትም አይደለም። አብሮኝ የነበረው ሱሌማን ዛሬም አለ፤ ይሄን ቻናል ያነባል። የጨመርኩት ነገር ካለ ያርመኝ።

2001 ዓ.ም.። ሐምሌ። ካዛንቺስ።

ማታ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ለማታውቁኝ፣ ስሜ ልዑልቃል ነው። የቂርቆስ ልጅ ነኝ። ያኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ያላገኘሁ ወጣት ነበርኩ። ባንድ ነበረን። ሱሌማን ድራም ይመታል። ሩቲ ቤዝ እየተጫወተች ትዘፍናለች። እኔ ጊታር። ወሎ ሰፈር፣ የሩቲ አጎት ጋራዥ ውስጥ እንለማመዳለን።

የምንጫወተው ከባድ ሮክ ነው። በዛን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን የሚወድ ሰው ጥቂት ነበር። የጋራዡ ጎረቤቶች «ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ» ይሉናል።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ልንጫወት ቀጠሮ ያዝን። የመጀመሪያችን ነው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር።

ችግሩ የኔ ጊታር ነበር።

ከጊታር ክሮች ስር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ። ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፤ የክሩን እንቅስቃሴ ለቅሞ ድምፅ ወደሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ ወደ አምፑ፣ ይልካል። የኔው ባለ አንድ ጥቅል ነበር። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ቀጭን። ለሌላ ሙዚቃ ያምራል። ለኛ ግን... ዲስቶርሽን ፔዳሉን ስረግጠው፣ ማለቴ ድምፁን የሚያሻክረውንና የሚያወፍረውን ሳጥን፣ ጊታሩ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል።

«ባለ ሁለት ጥቅል ፈልግ በቃ» ይለኛል ሱሌማን። «ጩኸቱን እርስ በርሱ ያጠፋዋል። ድምፁም ይወፍራል።»

ልክ ነበር። ግን ከየት?

አንድ ቀን ሱሌማን ካዛንቺስ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አይቶ መጣ። በእጅ የተጻፈ።

«የኤሌክትሪክ ጊታሮች ይሸጣሉ። ጠንክሮ ለሚመታ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል።»

ሳቅን።

ስደውል ያነሱት ሽማግሌ ናቸው። ስሜን አልጠየቁኝም። ዋጋም አልነገሩኝም።

«ፔዳል አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ።»

«ይዘኸው ና።»

ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከሱሌማን ጋር ሄድን። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰፈሩ ግማሹ ፈርሷል። ለልማት ተብሎ የተነሳ ነው። ግድግዳ የሌለው በር፣ ጣሪያ የሌለው ክፍል፣ የተቆለለ ጭቃና እንጨት። መጨረሻ ላይ አንድ ቤት ብቻ ቆሟል። አሮጌ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ቆርቆሮው የዛገ።

ሰማዩ ጠቁሯል።

በሩ ጋ ደረስን። ሱሌማን ሊያንኳኳ እጁን አነሳ...

በሩ ተከፈተ።

«ግቡ» አሉ ሽማግሌው።

በመስኮት ያዩን መሰለኝ። ከገባን በኋላ ነው መስኮቶቹን ያየኋቸው። ሁለቱም በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ብርድ ልብሱ ዙሪያውን በምስማር ተመቷል።

ስማቸው ጋሽ ሀብተሥላሴ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ኮት የለበሱ። ድሮ ሆቴል ቤት ጊታር ይጫወቱ እንደነበር ነገሩን። ጣቶቻቸው ያንን ይናገራሉ።

በሩን ከኋላችን ቆለፉት። ቁልፉን ኮት ኪሳቸው ከተቱ።

«ንፋሱ ይከፍተዋል» አሉ።

ንፋስ አልነበረም።

ሱሌማን አየኝ። እኔም አየሁት። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ሁለት ጎረምሶች ነን። ምን ያደርጉናል?

አልጋው ላይ ሦስት ጊታሮች ተኝተዋል። ከአልጋው ግርጌ አንድ ትልቅ አሮጌ አምፕ። ከአምፑ ፊት ለፊት ወንበር አለ። በጣም ተጠግቷል። የተቀመጠ ሰው ጆሮው ስፒከሩን ሊነካ ምንም አይቀረው።

የወንበሩ ጨርቅ አልቋል።

«የትኛችሁ ነው የሚመታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

እጄን ያዙና መዳፌን ገለበጡት። ጣቶቼ ጫፍ ላይ ያለውን የደደረ ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ፈገግ አሉ።

«ጥሩ» አሉ። «ጥሩ ነው።»

የመጀመሪያውን ሰጡኝ። ቀይ፣ ቀላል። ባለ አንድ ጥቅል። ፔዳሌን ሰክቼ መታሁት፤ ያው የኔው ጊታር ነው። ንብ።

«ይሄ አይሆንህም» አሉ። «ቀጥል።»

ሁለተኛው ሆዱ ክፍት ነው፤ ደረቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለው። ያምራል። ፔዳሉን ስረግጥ ግን ድምፁ ተመልሶ ሆዱ ውስጥ እየገባ ማላዘን ጀመረ።

«እሱም አይሆንህም።»

ሦስተኛውን ራሳቸው አነሱት። በሁለት እጃቸው። ልጅ እንደሚታቀፍ።

ጥቁር ነው። ከባድ። ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ማንገቻው ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ወፍራም እንጨት፣ ወፍራም አንገት፣ ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ ሁለት ቦታ ላይ። የፈለግኩት ሁሉ አለው።

ወፍራሙን ክር ዝቅ አድርጌ ቃኘሁት። ፔዳሉን ረገጥኩ።

መታሁት።

ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እውነቴን ነው። ደረቴ ውስጥ ገባ። ሱሌማን እንደ ሕፃን ሳቀ።

«ይሄ ነው» አለኝ። «በቃ፣ ይሄ ነው።»

ደጋግሜ መታሁት። እዛው እንደቆምኩ አዳራሹ ታየኝ። ሰዎቹ ታዩኝ። ከዛ ክሮቹን በመዳፌ አፈንኳቸው። የጥሩ ከባድ ጊታር ፈተናው እሱ ነው፤ ስትመታው እንዴት እንደሚጮህ ሳይሆን ስታፍነው እንዴት ዝም እንደሚል።

ዝም አለ።

ከዛ...

ከአምፑ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰማ።

ትንፋሽ።

የኔ አልነበረም። እኔ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

«ፔዳሉን ጨምረው» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። ድምፃቸው ተለውጧል።

ዲስቶርሽን ሲጨመር ትልቁን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚያጎላው። ትንሿንም፣ ለጆሮ የማይሰማውንም ይጎትታል። ጨመርኩት።

ትንፋሹ ቀረበ።

ሱሌማን መጣና ፒክአፑን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ቋ... ቋ... በአምፑ ወጣ። ጎንበስ ብሎ «አንድ ሁለት» አለ። ድምፁ ከስፒከሩ ውስጥ ተሰማ።

«አየህ?» አለኝ። «ፒክአፑ ውስጥ ያለው ሰም አልቋል። አሮጌ ሲሆን እንደ ማይክ ድምፅ ይይዛል። የኛን ትንፋሽ ነው የሚያሰማን።»

እውነት ነው፤ እንደዛ የሚሆን ጊታር አለ። ተነፈስኩ። ልስቅም ነበር።

አምፑ ውስጥ ያለው ግን ማንጎራጎር ጀመረ።

የሴት ድምፅ ነው። ወጣት። ዕቃ እያጠበች ወይም ፀጉሯን እያበጠረች እንደምታንጎራጉር ዓይነት። ቃል የለውም።

«ጋሼ...» አልኩ ቀስ ብዬ። «ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አስጠጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጄ ናት» አሉ።

ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደተደፋ።

ሳንጠይቃቸው ነገሩን። ልጃቸው ጀማነሽ ትባላለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት። አንድ ክረምት፣ መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ነገር ገዝቼ ልምጣ ብላ ወጣች። አልተመለሰችም። ፖሊስ ፈለገ፤ ሰፈሩ ፈለገ፤ ሬዲዮ ላይ ተነገረ። የለችም።

ብዙ ክረምት አለፈ። ከዛ አንድ ቀን እሳቸው ይሄን ጊታር ሲነኩ ትንፋሿን ሰሙ።

«የኔ እጅ አርጅቷል» አሉ። «ስነካው ትንሽ ትንሽ ነው የምትሰማኝ። ለዛ ነው የሚመታ ሰው የፈለግኩት። ጊታር የምሸጠው አጥቼ አይደለም። ቤቱን ሊያፈርሱት ነው ልጆቼ። ከዚህ ቤት ውጭ ደግሞ አትሰማም። ሞክሬዋለሁ።»

ሱሌማን እጄን ጨበጠኝ። እንሂድ ማለቱ ነው።

«አንዴ ብቻ» አሉ ሽማግሌው። «አንዴ ምታልኝ። ከዛ ጊታሩን በነፃ ውሰደው።»

ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ብታዩ እናንተም ትመቱ ነበር።

መታሁ። ረዥም፣ ክፍት። ክሩ እየሳሳ ሲሄድ... ከስሩ ድምፅ ወጣ።

«አባዬ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ቃል ሰምቼ አላውቅም» አሉ። «እስከ ዛሬ ቃል... ምታው። ምታው ልጄ።»

ሱሌማን ግን ወደ ላይ እያየ ነበር።

«ልዑል» ሲል ተጠግቶኝ አንሾካሾከ። «አምፖሉን እየው።»

አየሁት። ጠፍቷል። ስንገባ በርቶ ነበር፤ አልታወቀንም እንጂ ክፍሉ ጨልሟል። መብራት ሄዷል።

የአምፑ ቀይ መብራት ግን በርቷል።

ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ከጎኑ የተሰካ አንድ አሮጌ ሬዲዮ አለ፤ የሱ መብራት ጠፍቷል። አምፑ ግን በርቷል።

እጄ ክሩ ላይ ነበር። እንዴት እንደመታሁት አላውቅም።

«አባዬ... በሩን እንዳትከፍት።»

«የቱን በር?» አሉ። ስፒከሩን አቅፈውታል። «የቱን በር የኔ እናት?»

ያኔ ተንኳኳ።

የውጪው በር። እኛ የገባንበት።

ቋ። ቋ። ቋ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እንደገና ተንኳኳ። አሁን ለየሁት። የሚንኳኳው የሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ አልነበረም። ከታች ነው። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ።

«አባዬ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ ውጭ።

ያው ድምፅ ነው። ያችው ልጅ። ያው ቅላጼ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ። ክፈትልኝ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። እኔና ሱሌማን ለመደማመጥ መጮህ ነበረብን። የውጪዋ ግን አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። እያንዳንዱ ቃል ግን ጆሮዬ ስር ነበር።

ሽማግሌው ተነሱ። እጃቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ሄደ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አልኳቸው። ክሩን መታሁት።

«እኔ እዚህ ነኝ አባዬ» አለች የአምፑ። «አትክፈት።»

«ብርድ መታኝ አባዬ» አለች የበሩ። «ክፈትልኝ።»

ሰውየው መሃል ላይ ቆሙ። አንዴ ወደ አምፑ፣ አንዴ ወደ በሩ ያያሉ። ሰው እንደዛ ሲሰቃይ አይቼ አላውቅም።

ሱሌማን ተጠጋቸው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ይጠይቋት ጋሼ» አለ። «እሷ ብቻ የምታውቀውን ነገር ይጠይቋት።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ በሩ ዞሩ።

«ጀማነሽ... ያን ቀን ምን ልትገዢ ነበር የወጣሽው?»

የበሩ ዝም አለች።

ክሩን መታሁት።

«ሻማ» አለች የአምፑ።

ትንሽ ቆየ።

«ሻማ» አለች የበሩ።

በዛው አወጣጥ። በዛው እረፍት። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ትንሽ ትንፋሽ እንኳን ያችው ናት።

ያኔ ገባኝ። እየሰማች ነው። በሩ ላይ ያለው ነገር ከአምፑ እየሰማ ነው የሚመልሰው።

ክሮቹን አፈንኳቸው። አምፑ ዝም አለ።

«አሁን ይጠይቋት» አልኳቸው ጆሯቸው ጋ ጠጋ ብዬ።

«እናትሽ» አሉ ሽማግሌው። «እናትሽ ምን ብላ ነበር የምትጠራሽ?»

ዝም።

ዝናብ።

ከዛ ከበሩ ታች... መቧጨር። ዝግ ያለ። እንጨቱን ከዳር እስከ ዳር እየፈለገ የሚሄድ።

«ክፈትና እነግርሃለሁ» አለች።

ሱሌማን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቁርዓን መቅራት ጀመረ። እኔ መስቀሌን ያዝኩ። ሽማግሌው ግን... ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሷ አይደለችም ጋሼ» አልኳቸው። «ሰምተዋል። እሷ አይደለችም።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«እና...»

«አውቃለሁ ልጄ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ግን አስበው። ይሄን ድምፅ ከየት አገኘው? ልጄ ያለችበትን ሳያይ ድምፅዋን ከየት ያመጣዋል? ያውቃል። የት እንዳለች ያውቃል።»

ወደ በሩ አየሁ።

«ይቺ» አሉ አምፑን እያዩ «ከክፉ ትጠብቀኛለች። ልጄ ናት፤ ሁሌም እንደዚህ ነበረች። ለኔ ስትል የት እንዳለች አትነግረኝም። ያ ግን ይወስደኛል።»

«ጋሼ፣ እባክዎ...»

«ከኩሽናው ኋላ መስኮት አለ። ውጡ።»

«አብረውን ይውጡ።»

«ቤቱንስ ሊያፈርሱት አይደል?» አሉ። ይሄን ሲሉ ጥቂት ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ከዛ በኋላ ደግሞ ምን ልሰማ ነው?»

ተነስተው ወደኔ መጡ። ጊታሩ አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ሳላስበው፣ ከድንጋጤ ይሆናል፣ መዳፌ ከክሮቹ ላይ ተነሳ። ክሮቹ ሳይመቱ መንዘር ጀመሩ።

«አባዬ፣ አትሂድ። አባዬ፣ እሱ እኮ...»

ጋሽ ሀብተሥላሴ እጃቸውን ክሮቹ ላይ አሳረፉ። ቀስ ብለው። ትኩሳት ያለበትን ልጅ ግንባር እንደሚነኩ።

ድምፁ ቆመ።

ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማንገቻውን ከትከሻዬ አወጡልኝ። ጊታሩን አልጋው ላይ አስተኙት።

«ሂዱ» አሉ።

ሱሌማን ጎተተኝ። ኩሽናው ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የተሠራው ከእንጨት ነው፤ በክርኑ ገጭቶ ከፈተው። እሱ ዘለለ። እኔ አንድ እግሬን አውጥቼ... ዞር አልኩ። ለምን እንደዞርኩ አትጠይቁኝ።

በኩሽናው በር በኩል ጀርባቸው ይታየኛል። ኮታቸውን እያስተካከሉ ነው። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው የሸሚዛቸውን ኮሌታ አቃኑ። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው አስተኙ።

ከዛ ቁልፉን አወጡ።

ዘለልኩ።

ጭቃው ውስጥ እየወደቅን እየተነሳን በፍርስራሹ መሃል ሮጥን። ከኋላችን ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። በዛ ሁሉ ዝናብ ውስጥ። ከዛ በኋላ ምንም አልሰማሁም። ጩኸት እንኳን የለም። ጩኸት ቢሰማ ይሻለኝ ነበር።

ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሰው፣ ታክሲ፣ ጥላ የያዙ የቢሮ ሠራተኞች። የአዘቦት ቀን ነው። ሱሌማን አንድ ሕንፃ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። አላፈረም። እኔም አላፈርኩበትም።

ያኔውኑ አልተመለስንም። ፈርተን ነው። በማግስቱ ጠዋት ለሩቲ ነግረናት ሦስታችን ሄድን።

መግቢያው ላይ የቀረች አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ወይዘሮ አስቻለች ትባላለች፤ የሰፈሩ የድሮ ሰው ናት። ስለ ጋሽ ሀብተሥላሴ ስንጠይቃት ፊቷ በራ።

«አልሰማችሁም እንዴ? ልጁ መጣችለት እኮ።»

ሩቲ አየችኝ።

«አዩዋት?» አልኩ።

«ትናንት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል በዚህ አለፉ። ጀርባዋን ነው ያየሁት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። እሱ ያለቅሳል። እልልም ልል ነበር።»

«አላሉም?»

ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ወረደ። ቲማቲሙን ማስተካከል ጀመረች።

«ጀማነሽ አልኳት። 'ጀማነሽ' አለችኝ። እንኳን ደህና መጣሽ አልኳት። 'እንኳን ደህና መጣሽ' አለችኝ።»

ቲማቲሙን ማስተካከል አቆመች።

«ደክሟት ይሆናል ብዬ ተውኩት» አለች።

የቤቱ በር ክፍት ነው። ቁልፉ ከውስጥ በኩል ቀዳዳው ላይ ተሰክቷል። ከውስጥ ምንም የተሰበረ፣ የተጎተተ ነገር የለም። ወለሉ ደረቅ ነው። በክረምት፣ በሩ ክፍት ሆኖ ያደረ ቤት... ደረቅ ነው።

ጥቁሩ ጊታር አልጋው ላይ እንደተኛ ነው። ክሮቹ ግን የሉም። ስድስቱም ተፈትተው፣ አንድ በአንድ በጥንቃቄ ተጠቅልለው፣ አምፑ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተደርድረዋል።

አልነካነውም። ፔዳሌም እዛው ቀረ።

ለፖሊስ ተናገርን፤ ያልነውን ጻፉ። አንድ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ከቤት ወጡ፤ ወንጀሉ ምንድን ነው? አሉን። በሚቀጥለው ወር ቤቱ ፈረሰ።

አዳራሹ ውስጥ ተጫወትን። በተዋስኩት ጊታር። ሰው ወደደን ይላሉ። እኔ የማስታውሰው በየዘፈኑ መሃል፣ ክሮቹን አፍኜ ዝም በሚልበት ቅጽበት፣ ሱሌማን ከድራሙ ጀርባ ፈጥጦ ያየኝ እንደነበር ነው። እሱም ያንን ዝምታ እያዳመጠ ነበር። ከዛ በኋላ ብዙ አልቆየንም። ሱሌማን ዱላዎቹን ለሌላ ልጅ ሰጠ።

ስለዚህ ለጠያቂው መልሴ ይሄ ነው። ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ፣ ከባድ እንጨት፣ ወፍራም አንገት። ከመግዛትህ በፊት ክሩን አፍነውና ፒክአፑን በጥፍርህ መታ አድርገው። ድምፁ በአምፑ ከወጣ ሻጩን አመስግነህ ውጣ። ቢያምርም። በነፃ ቢሰጡህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይሄን ለሱሌማንም አልነገርኩትም፤ አሁን አብሯችሁ ያነበዋል።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ነው። ከሰዓት በፊት። ለገሃር ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ፀሐይ ጠንክራለች፤ አስፋልቱ ያቃጥላል። ሳምንታት ሆኖናል ዝናብ ካየን።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከባቡር ጣቢያው በኩል መጡ።

ኮታቸው ረጥቦ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ከእጅጌያቸው ውሃ ይንጠባጠባል። ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ትንሽ ወጣ ብሎ ተዘርግቷል፤ ጣቶቻቸው ታጥፈዋል። የሰው እጅ እንደያዘ ሰው። ጎናቸው ማንም የለም።

ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ።

በፊቴ አለፉ። አላዩኝም። ወደ ቂርቆስ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። የእግረኛ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ሰው ሁሉ እየተጋፋ ነው የሚሄደው። እሳቸው ሲደርሱ ግን ገለል ይላል። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ጋዜጣ አዟሪው እያወራ እግሩን ሰበሰበ። አንዲት እናት ስልክ እያናገረች ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበች።

ለሽማግሌው የሚለቁት ቦታ ትንሽ ነበር።

በቀኛቸው በኩል የሚለቁት ግን... መንገዱን ሙሉ ነበር።